በመስታወት ገንዳ ውስጥ ማን ከማን ጋር ይስማማል?

የሳሎንን ውበት ከሚያደምቁ ነገሮች መካከል ዓሣ የሚዋኝበት የመስታወት ገንዳ አንዱ ነው። ሕፃናት ከፊቱ ከተቀመጡ ሰዓቱ እንዴት እንዳለፈ አያውቁትም። ከሥራ ደክሞ የገባ አዋቂም ቢሆን ዓይኑን እዚያ ላይ ጣል ሲያደርግ ሐሳቡ ጋብ ይልለታል። ይሁን እንጂ ይህ ደስታ በብዙ ቤት ከጥቂት ሳምንታት አያልፍም። ከዓሦቹ አንዱ ጅራቱ ተቦጫጭቆ ይታያል፤ ሌላው ከድንጋይ ሥር ገብቶ አልወጣም ይላል፤ ከዚያም አንድ ማለዳ ልጁ ከሁሉ ቀድሞ ይነሣና የሞተውን ተንሳፎ ያገኘዋል። በመጨረሻ ገንዳው ተደፍቶ ዕቃ ቤት ይገባና «ዓሣ እኛ ቤት አይበረክትም» ይባላል።

ነገሩ ግን የበረከት ጉዳይ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚፈጸመው ዓሦቹ ገና ቤት ሳይደርሱ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። እንበልና ለልጅዎ የልደት ቀን ዓሣ ሊገዙ ሄዱ። ከመስታወቱ ወዲያ ቀይ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ እንደ ሜዳ አህያ የተሰመረ አለ፣ ጅራቱን እንደ ነጠላ ጫፍ የሚያንዘረፍፍ አለ። ልጅዎ «ከዚህም አንድ፣ ከዚያም አንድ» ይላል። ሻጩም ገበያ ነውና አይከለክልም፤ በላስቲክ ከረጢት ውኃ ሞልቶ ስድስት ዓይነት ዓሣ አንድ አንድ ይጨምርልዎታል። እርስዎ ያማረ የቀለም ስብስብ የያዙ ይመስልዎታል። ዓሦቹ ግን ስድስቱም ከዘመዶቻቸው ተነጥለው ከማያውቁት ፍጡር ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የተቆለፉ ናቸው።

ውድ አንባቢ፣ በዛሬው አምዳችን ልናወያይዎ የፈለግነው ይህንኑ ነው። ለቤት ገንዳ ከሚሸጡት ትንንሽ ዓሦች አብዛኞቹ በመንጋ የሚኖሩ ናቸው። እነዚህን አንድ ወይም ሁለት ብቻ ገዝቶ ማስቀመጥ በግን ከመንጋው ነጥሎ ጓሮ እንደ ማሰር ያለ ነው። በግ እንኳ ይጮኻል፤ የዓሣን ጭንቀት ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከሞተ በኋላ ነው።

መንጋ ለዓሣ ጌጡ ሳይሆን መከላከያው ነው። ትልቅ ዓሣ ሊበላቸው ሲመጣ አብረው የሚገለባበጡት ትንንሾች ዓይኑን ያደናግሩታል፤ የትኛውን እንደሚይዝ ግራ ይገባዋል። አብረው የሚታጠፉትም በዓይን በመተያየት ብቻ አይደለም። የዓሣ ጎን የውኃን መናወጥ የሚለይ የስሜት መስመር አለው፤ ጎረቤቱ ክንፉን ሲያወዛውዝ በዚያ ይሰማዋል። ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለው ኦስትሪያዊ ሊቅ፣ በኋላ በ1973 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው፣ በ1938 እንደ ገለጸው ደግሞ ከአንዳንድ የወንዝ ዓሦች የአንዱ ቆዳ ሲቆስል ወደ ውኃው የሚወጣ ነገር አለ፤ የቀሩት ያን ሲያሸቱ ደንግጠው ይሸሻሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ገበያ ላይ ያሉት ቴትራ፣ ባርብና ዳኒዮ ከዚሁ ወገን ናቸው። እንግዲህ ያስቡት፤ በጠባብ ገንዳ ውስጥ አንዱ ሌላውን ነክሶ ባቆሰለው ቁጥር የድንጋጤው ወሬ ለሁሉም ይዳረሳል፤ የሚሸሹበት ግን የላቸውም።

ይህን ነገር ሳይንቲስቶችም ፈትነው አይተውታል። በ2010 ታትሞ በወጣ ጥናት ለቤት ገንዳ የሚሸጡ አራት ዓይነት ዓሦች አንድ፣ ሁለት፣ አምስትና አሥር እየሆኑ ተቀምጠው ጠባያቸው ተመዝግቦ ነበር። በጥቅሉ ሲታይ ቁጥራቸው ከፍ ሲል አብሮ መዋኘታቸው ጨመረ፤ የድንጋጤውና የጠቡ ምልክትም ቀነሰ። ሰው «ገንዳው ውስጥ ብዙ ከሆኑ ይጣላሉ» ብሎ ይፈራል። የመንጋ ዓሣ ግን በዚህ ረገድ ተቃራኒ ነው፤ የሚጣላው ሲያንስ ነው።

ታዲያ ስንት ይበቃል? ከአንድ ዓይነት ስድስት የመጨረሻው ዝቅተኛ ቁጥር ነው፤ ስምንት ወይም አሥር ቢሆን ይመረጣል። ስድስት ሲባል ስድስቱም አንድ ዓይነት ማለት ነው፤ ሁለት ከዚህ፣ ሁለት ከዚያ፣ ሁለት ከወዲያ ተብሎ የተሞላ ስድስት አይቆጠርም። ለዓይንም ቢሆን ልዩነቱ ትልቅ ነው። አንድ ዓይነት ቀሚስ የለበሱ አሥር ተወዛዋዦች አብረው እስክስታ ሲመቱ ያለው ውበትና አሥር ሰው በየፊናው ሲወዛወዝ ያለው እኩል አይደለም። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ አሥር ዓይነት ካለበት ገንዳ ይልቅ ሁለት መንጋ ብቻ ያለበትን እመርጣለሁ።

ለዚህ የሚሆን የገንዳ መጠን ማወቅ አያስቸግርም። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 36 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ወደ 65 ሊትር ይይዛል፤ አንድ የመሐል ውኃ መንጋና አንድ ትንሽ የወለል መንጋ ያኖራል። 80 በ35 በ40 የሆነው 112 ሊትር ስለሚይዝ ለበለጠ ቁጥር ይመቻል። ክብ የመስታወት ሳህን ግን ለመንጋ ዓሣ አይሆንም፤ ሻጩ ምንም ቢያቆላምጠው አይግዙት። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ መሆኑንም አይርሱ። ባለ 112 ሊትሩ ገንዳ ከመስታወቱና ከአሸዋው ጋር ከአንድ ኩንታል በላይ ስለሚመዝን ቡፌ ላይ ወይም ቴሌቪዥን ማስቀመጫ ላይ አይሰቀልም። ጠንካራ ማስቀመጫ ያሠሩለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ማንን ከማን ጋር? እዚህ ላይ ቀለም ከማየት በፊት ቴርሞሜትር ማየት ያስፈልጋል። ከዓሦቹ አብዛኞቹ የትውልድ አገራቸው ሞቃት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና በክረምት ሌሊት ሳሎን የተቀመጠ ውኃ እንደሚቀዘቅዝ የቤት እመቤት ሁሉ ታውቃለች። አንድ ባልዲ ውኃ ገንዳው በሚቀመጥበት ቦታ ያሳድሩና ማለዳና ከሰዓት በኋላ ይለኩት። የዓሣውን ዓይነት የሚወስንልዎ ያ ልክ ነው።

ውኃው ያለ ማሞቂያ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ የሚል ከሆነ አይዘኑ፤ ለዚህ ቅዝቃዜ የተፈጠሩ ቆንጆ የመንጋ ዓሦች አሉ። አንደኛው ዜብራ ዳኒዮ ነው። አገሩ ሕንድ፣ ኔፓልና ባንግላዴሽ ነው፤ ሰማያዊና ወርቃማ መስመር በጎኑ የተዘረጋለት፣ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ቀኑን ሙሉ የማይደክመው ሯጭ ነው። ጽኑ ስለሆነ በመላው ዓለም ሳይንቲስቶች ለምርምር ያረቡታል፤ ለጀማሪ ቤተሰብም የመጀመሪያው ምርጫ ቢሆን ተገቢ ነው። ለመሮጫው ግን ርዝመት ያለው ገንዳ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ዋይት ክላውድ የሚባለው የቻይና ዓሣ ነው። ስሙ «ነጭ ደመና» ማለት ሲሆን በካንቶን ከተማ አጠገብ ካለው ተራራ የተወሰደ ነው። ሊቃውንት በ1932 ስም ሲያወጡለት ታኒክቲስ አሉት፤ «የታን ዓሣ» ማለታቸው ነው። ታን የቦይ ስካውት መሪ ነበር፤ ዓሣውን ያገኘውም እሱ ነው። ይህን ታሪክ ለልጆች ቢነግሯቸው ይወዱታል። ከ1980 ወዲህ ዓሣው በትውልድ ቦታው ለብዙ ዓመታት ሳይታይ ቀርቶ ነበር፤ ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው በርባታ የተገኘ ነው። ጠባዩ የዋህ ነው፤ ከዜብራ ዳኒዮ ጋርም ይስማማል። ምግብ ሲጣል ግን ዳኒዮ ይቀድመዋልና በሁለት ቦታ በትኑላቸው። ድሬዳዋን በመሳሰሉ ሞቃት ከተሞች ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን ግን ይህን ዓሣ አንመክርም፤ ሙቀት ያሠቃየዋል።

የገንዳውን ወለል የሚሞላው ኮሪዶራስ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ከአፉ ዙሪያ ጢም ያለው ትንሽ ዓሣ ሲሆን ነጠብጣብ ያለበት ዓይነቱ ቀዝቃዛ ውኃ ይችላል። ብዙ ሰው «ቆሻሻ ይበላልናል» ብሎ አንዱን ብቻ ይገዛል። ይህ በዓሣው ላይ ግፍ ነው። ኮሪዶራስ የሌሎችን እዳሪ አይበላም፤ ወደ ታች የሚሰምጥ የራሱ ምግብ ይፈልጋል። ደግሞም የመንጋ ዓሣ ነው፤ ስድስት ሆነው ጎን ለጎን አሸዋውን እየፈተሹ ሲሄዱ ጤፍ የሚለቅሙ ጎረቤታሞች ይመስላሉ። ጢሙ እንዳይቆስል ወለሉ ላይ ስለታም ጠጠር ሳይሆን ደቃቅ አሸዋ ይነጠፍ። አልፎ አልፎ ወደ ላይ ተወርውሮ አየር ጎርሶ ቢመለስ አይደንግጡ፤ ተፈጥሮው ነው።

ማሞቂያ ገዝተው ውኃውን 25 ዲግሪ ገደማ ላይ ማቆየት ለሚችሉ ደግሞ ምርጫው ይሰፋል። ሁሉም የሚያውቀው ኒዮን ቴትራ አለ፤ ከአማዞን የመጣ፣ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ሰማያዊ መብራት የበራበት የሚመስል ዓሣ። ካርዲናል ቴትራ ወንድሙ ነው። የሚለዩት በቀዩ ቀለም ነው፤ የኒዮን ቀይ ከወገቡ እስከ ጅራቱ ብቻ ሲሆን የካርዲናል ግን ከራሱ ጀምሮ ይወርዳል። ካርዲናል ሙቀት የበለጠ ይወዳል። በብራዚል በሪዮ ኔግሮ ወንዝ ዳር በምትገኘው በባርሴሎስ ከተማ አካባቢ ይህን ዓሣ በመረብ እያጠመዱ በመሸጥ የኖሩ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። ከእስያ በኩል ደግሞ ሃርለኩዊን ራዝቦራ አለ፤ መዳብ የመሰለ ገላው ላይ ጥቁር ሦስት ማዕዘን የታተመበት፣ ማንንም የማይነካ ጨዋ ዓሣ ነው። ስምንት ኒዮን፣ ስምንት ሃርለኩዊንና ስድስት የነሐስ ቀለም ያለው ኮሪዶራስ ባለ 112 ሊትሩ ገንዳ ውስጥ ተስማምተው ይኖራሉ።

የመብራት መጥፋት ነገር እዚህ ላይ ሳይነሣ አይታለፍም። መብራት ሲሄድ ማሞቂያውም፣ ማጣሪያውም፣ አየር የሚነፋውም መሣሪያ አብረው ይቆማሉ። የገንዳውን ጎንና ጎን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ይሸፍኑት፤ ከላይ አየር እንዲያገባ ግን ክፍት ይተዉት፤ መብራቱ እስኪመጣም ምግብ አይስጡ። መብራት ደጋግሞ የሚሄድበት ሰፈር የሚኖር ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ ኒዮኑን ትቶ ከዳኒዮ ጋር ቢወዳጅ ይሻለዋል።

ውኃውም እንደ ሰፈሩ ይለያያል። ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ከሆነ ውኃዎ ጠንካራ ነው። ኒዮንና ካርዲናል የለመዱት ለስላሳ ውኃ ነውና እንዲህ ባለው አይደሰቱም፤ ጋፒ ግን ይስማማዋል። ጋፒ እንቁላል ሳይጥል የሚወልድ ሲሆን በየወሩ ገደማ ይወልዳል። ወንዱ ሴቷን ዕረፍት ስለሚነሳት ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያም ወንዶቹን ብቻ መግዛት ነው። ወንዶቹን ብቻ የገዛ፣ ጫጩቶቹን የት እንደሚያደርስ አይጨነቅም።

ከማይስማሙት መካከል በየሱቁ በብዛት የሚገኙትን እንጥቀስ። ታይገር ባርብ ጥቁር ቀለበት ያለበት ቆንጆ የሱማትራ ዓሣ ነው፤ ነገር ግን የሌላውን ክንፍ የመንጨት አመል አለው። ስምንትና አሥር ሆኖ ሲኖር ግልቢያውና ጉንተላው በመካከላቸው ስለሚያልቅ ለሌላው ይቀልለዋል፤ ሁለትና ሦስት ሲሆን ግን የጎረቤቱን ጅራት ይቆራርጣል። ስለዚህ ረጅም ክንፍ ካለውና ቀስ ብሎ ከሚዋኝ ጋር በምንም ቁጥር አያግቡት። ኤንጀል ፊሽ በሕፃንነቱ ከኒዮን ጋር ተስማምቶ ይታይና ሲያድግ 15 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከዚያ ኒዮኖቹ አንድ በአንድ ይጎድላሉ። ከአፉ የሚገባለትን ነገር ሁሉ ምግቤ ነው ስለሚል ጠበኛ አይባልም፤ ራቱን በላ እንጂ። ወርቃማው ዓሣም ቢሆን ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊያድግና ከአሥር ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል፣ ውኃ በብዛት የሚያቆሽሽ ነውና ለራሱ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ቤታ የሚባለውን ደግሞ ታይላንዳውያን ለውጊያ ሲያራቡት የኖሩት ነው፤ ሁለት ወንዶች በአንድ ገንዳ ካዩ እስከ ሞት ይደባደባሉ።

«የአገራችንን ዓሣ ለምን አናስቀምጥም?» የሚል ጥያቄም ይነሣል። መልካም ሐሳብ ነበር፤ የምናውቃቸው ግን ለሳሎን አልተፈጠሩም። ቆሮሶ በሐይቅ ውስጥ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፤ ወንዱም በመራቢያ ጊዜ ወለሉን ቆፍሮ ግዛት ስለሚይዝ ሌላውን አያስጠጋም። አምባዛ ያገኘውን ይውጣል። የጣናው ቢልጫ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው፤ በሐይቁ ውስጥ 15 ዓይነት ሆኖ ተለይቷል። ከ15ቱ ግን 8ቱ ዓሣ በል ናቸው።

ምርጫው ከተወሰነ በኋላም ቶሎ ብለው ዓሣ አይግዙ። ዓሣ የሚያወጣው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። ይህን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደ ቀለለው ናይትሬት የሚለውጡት በማጣሪያው ስፖንጅና በአሸዋው ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ሲሆኑ፣ እስኪበቁ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። ማጣሪያው እየሠራ፣ የምግብ ቁንጣሪ እየተጣለበት ባዶ ገንዳ ይቆይ። ልጆች መታገሥ ያቅታቸዋልና በዚህ ጊዜ ተክሉን እንዲተክሉ ቢደረግ ጥሩ ነው። የቧንቧ ውኃም በሰፊ ዕቃ አንድ ቀን ክፍት ሆኖ ካደረ ክሎሪኑ ይተናል። ከዚያ መጀመሪያ አንዱን መንጋ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛውን ያስገቡ።

ንጽሕና ወዳድ እመቤቶቻችንን የምናስጠነቅቀው አንድ ነገር አለ። ገንዳውን በሳምንቱ ባዶ አድርጎ በሳሙናና በበረኪና ማጠብ እነዚያን ባክቴሪያዎች መፍጀት፣ ዓሦቹንም መግደል ነው። በሳምንት ሩብ ያህሉን ውኃ መለወጥ ይበቃል። ስፖንጁም ከገንዳው በወጣው ውኃ ይታለብ እንጂ ከቧንቧ ሥር አይያዝ።

ሱቅ ሲገቡ «ስንት ብር ነው?» ከማለትዎ በፊት «ሲያድግ ስንት ይሆናል? የስንት ዲግሪ ውኃ ይፈልጋል? ከስንት ጋር ይኖራል?» ብለው ይጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ ስሙን ጽፈው ቤት ይመለሱ። የሞተ ዓሣ ካለበት ገንዳ፣ ወይም ገላው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ካለበት መንጋ አንድም አይግዙ። ገንዘቡ ለስምንት ካልበቃ ባዶውን ገንዳ አንድ ወር ማቆየት ሁለት ብቻ ገዝቶ ከመሄድ የተሻለ ነው።

ምናልባት ይህን የሚያነቡት ብቻውን የሚርመሰመስ አንድ ኒዮን ሳሎንዎ ውስጥ ኖሮ ይሆናል። ገንዳው ከበቃ ሰባት የራሱን ዘመዶች ይጨምሩለት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተደበቀበት ሲወጣ ያዩታል። ገንዳው ካልበቃ መንጋው ላለው ሰው ይስጡት። ወንዝ ወይም ሐይቅ ወስዶ መልቀቅ ግን ከቶ አይገባም፤ ተክሉንም ጭምር። ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ በሐይቁ ላይ መታየቱ የተነገረው በ2011 ሲሆን፣ ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ የሆነ፣ በአበባው ምክንያት በብዙ አገር ለጌጥ ሲዘዋወር የኖረ ተክል ነው።

ምግብ የመስጠቱን ሥራ ለአንድ ልጅ ይስጡት እንጂ ለሁሉም አይስጡ፤ አለዚያ እያንዳንዱ «እኔ አልሰጠኋቸውም» እያለ ቀኑን ሦስት ጊዜ ይመገባሉ። በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱት ቁንጣሪ፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃቸዋል። እንግዳ ሆነው የመጡ ልጆችም ዳቦ እንዳይፈረፍሩበት የገንዳው ክዳን ይዘጋ።